ድንጋዩ ፈርሶ ጭቃው የቆየበት አገር

ስልካችሁ ላይ ጉግል ማፕን ክፈቱና ወደ ሳተላይት ምስሉ ቀይሩት። ደብረ ማርቆስን ፈልጉ፤ ከዚያ በጣታችሁ ቀስ እያላችሁ ወደ ቢቸናና ወደ ደብረ ወርቅ አቅጣጫ ሂዱ። የምታዩት ማሳ ነው፤ ማሳ፣ አሁንም ማሳ። በመሃል በመሃል ግን ጥቁር አረንጓዴ ጠብታ የምትመስል ነገር ብቅ ትላለች። አጉሏት። ጠብታዋ ደን ናት። ደኗ መሃል ላይ ደግሞ እንደ ሳንቲም የምታብለጨልጭ ክብ አለች። ያቺ ክብ ቤተ ክርስቲያን ናት፤ የሚያብለጨልጨው ቆርቆሮዋ ነው። ስለ ቆርቆሮው ኋላ እመለስበታለሁ።

ብዙዎቻችን የኢንዶኔዥያውን ቦሮቡዱር በቲክቶክ አይተነዋል። በ9ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ የቡድሃ እምነት መቅደስ ነው። ተሳላሚው ከታች ይጀምርና ሕንፃውን በቀኙ አድርጎ እየዞረ፣ በድንጋይ የተቀረጸውን ታሪክ እያየ ወደ ላይ ይወጣል። ቪዲዮውን ሳይ ትዝ ያለኝ የአገሬ ሰው ነው። ጎጃም ውስጥም ሕንፃ ይዞራል። ልዩነቱ የእነሱ ወደ ላይ ያወጣል፣ የእኛ ወደ ውስጥ ያስገባል።

እስቲ አብረን እንግባ። ከዛፎቹ ጥላ ሥር ነው የምንጀምረው፤ ጥድ፣ ወይራ፣ ዝግባ፣ ኮሶ። ይሄ ደን የሕንፃው አካል ነው፤ ካህናቱን ብትጠይቁ ልብሷ ነው ይሏችኋል። ደጀ ሰላሙን ስታልፉ ጫማ ይወልቃል፣ ነጠላ ይስተካከላል። ከቤተ መቅደሱ በስተምሥራቅ ኅብስቱ የሚጋገርባት ቤተልሔም አለች። አንዳንድ ቦታ ከብረቱ ደወል ጎን ጠፍጣፋ ድንጋዮች ተንጠልጥለው ታገኛላችሁ፤ በጠጠር ሲመቱ ጥርት ያለ ድምፅ ያወጣሉ።

ቤቱ ራሱ ሦስት ነው፤ አንዱ በአንዱ ውስጥ። የውጪው ቀለበት ቅኔ ማኅሌት ይባላል፤ ደብተሮቹ ከበሮና ጸናጽል ይዘው የሚቆሙበት። ቀጥሎ ቅድስት አለ፤ ቆራቢው ሥጋ ወደሙ የሚቀበልበት። ከሁሉም ውስጥ ታቦቱ ያለበት መቅደስ። ወንዶች በሰሜን በር፣ ሴቶች በደቡብ በር ይገባሉ። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ አንድ ነገር አለ። ውጪው ክብ ሆኖ ሳለ መቅደሱ አራት ማዕዘን ነው። ሳጥን ድስት ውስጥ እንደማስቀመጥ ነው። የመቅደሱ ግድግዳ ሽቅብ ወጥቶ የጣሪያውን መሃል ይሸከማል፤ ወራጆቹ ከዚያ እንደ ጃንጥላ ዘንግ ወደ ዙሪያው ይወርዳሉ። ጫፉ ላይ ጉልላቱ፣ ጉልላቱ ላይ መስቀሉና የሰጎን እንቁላሎቹ። ጎጆ ቤት ተወልዶ ያደገ ሰው ይሄንን ሕንፃ ለማንበብ አስተማሪ አያስፈልገውም።

ሥዕሉ ያለው የመቅደሱ የውጪ ግድግዳ ላይ ነው። በሮቹ ላይ ሰይፍ የመዘዙ መላእክት፣ በሰሜኑ በኩል ብዙ ጊዜ ጊዮርጊስ በፈረሱ። ልብ በሉ፣ አብዛኛው ሥዕል ጭቃው ላይ በቀጥታ አልተሳለም። የጥጥ ጨርቅ ላይ ተስሎ ነው የሚለጠፈው። ለዚህ ነው ውኃ ሲነካው እንደ ግድግዳ ወረቀት የሚላጠው፤ ለዚህም ነው ሌባ ጠቅልሎ ሊወስደው የሚችለው። (ፎቶ ስታነሱ ፍቃድ ጠይቁ፣ ፍላሽ አጥፉ። ለቀለሙ አይበጅም፣ ለካህኑም ዓይን አይበጅም።)

ታዲያ ጎጃም ሁሌም ክብ ይሠራ ነበር? አይደለም። ለዚህ መርጡለ ማርያም መሄድ ያስፈልጋል። በደብረ ወርቅ አልፋችሁ፣ ግንደ ወይን ላይ ወደ ምሥራቅ ትታጠፋላችሁ፤ እነብሴ ሳር ምድር ወረዳ ነው። ለጊዜው መንገዱ እንደ ልብ አይደለም፣ ምክንያቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እኔ የሄድኩት መኪና እንደልብ በሚንቀሳቀስበት ዘመን ነው።

በአሁኑ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ የቆየ የድንጋይ ግድግዳ ቆሟል። ጣሪያ የለውም። ግን የሚያስቀር ነው። ድንጋዮቹ በልክ ተጠርበው የተገጣጠሙ ናቸው፤ ጠርዙ ላይ አበባ፣ ክብ ጌጥ፣ የተጠላለፈ ሐረግ በእጅ ተቀርጾበታል። ክብ አይደለም። ረዥም አዳራሽ ነው። ስሙም ያንኑ ይናገራል፤ መርጡል በግእዝ ድንኳን፣ ማደሪያ ማለት ነው። የአካባቢው ሰው መነሻውን እስከ አብርሃና አጽብሐ ዘመን፣ ከዚያም አልፎ እስከ ኦሪቱ መሥዋዕት ያደርሰዋል። በጽሑፍ የምናገኘው ታሪክ ግን ከእቴጌ እሌኒ ይጀምራል።

እሌኒ ከሐድያ ገዥ ቤት የመጣች ሴት ናት። በበርካታ ነገሥታት ዘመን ቤተ መንግሥቱን ከጀርባ ሆና ያንቀሳቀሰች፣ ልጅ ነገሥታት ሲነግሡ አገር የመራች፣ ማቴዎስ የተባለውን አርመናዊ መልእክተኛ ወደ ፖርቱጋል የላከች። እንዲህ ያለች ሴት ቤተ ክርስቲያን ስታሠራ እንደዋዛ አታሠራም። ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ እሌኒ ጎጃም ውስጥ ስላሠራችውና ስለተቀበረችበት ቤተ ክርስቲያን ጽፏል። መንበሩ ከእንጨት ተሠርቶ ውስጡ በወርቅ ተሞልቷል፤ ላዩ ደግሞ ድፍን ወርቅ። ይሄንን የነገረው ፔሮ ዳ ኮቪልሃ ነው። ከፖርቱጋል ለስለላ መጥቶ፣ ነገሥታቱ አትሄድም ብለው ያስቀሩት፣ እዚሁ ሚስት አግብቶ የወለደ ሰው። መንበሩ እንዴት እንደሚቆም ሄዶ ያሳየው እሱ ራሱ ነበር።

ወርቅ ያለበት ቤት ጦርነት ሲመጣ ምን እንደሚሆን መገመት አይከብድም። እሌኒ በ1522 እ.ኤ.አ. አረፈች፤ ብዙም ሳይቆይ የኢማም አሕመድ ጦር ደጋውን አዳረሰው፣ ቤተ ክርስቲያኑም ተዘረፈ። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ አፄ ሱስንዮስ ካቶሊክ በሆኑበት ዘመን ኢየሱሳውያኑ እንደገና ሠሩት። እነዚህ ሰዎች የመጡት በሕንድ፣ በጎዋ በኩል ነው፤ የእጅ ሥራውም አብሯቸው መጣ። በኖራ መገንባት አገሩ ውስጥ የተስፋፋው ያኔ ነው፤ በኋላ የጎንደር ግንቦች የቆሙትም በዚሁ ኖራ ነው። የመርጡለ ማርያምን ሐረጎች የሚያጠኑ ሰዎች የሕንድን የጥርብ ሥራ ያስታውሳቸዋል። አስቡት፤ እነብሴ ውስጥ፣ ዓባይ ገደል አፋፍ አቅራቢያ።

በ1632 እ.ኤ.አ. ሱስንዮስ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲል ለቀቁ፣ ብዙም ሳይቆይ ኢየሱሳውያኑም ተባረሩ። በ1840ዎቹ እንግሊዛዊው ተጓዥ ቻርልስ ቢክ መጥቶ ሲያየው ፍርስራሽ ነበር፤ ስለ ፍርስራሹ የጻፈው ጽሑፍ በ1847 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ታትሟል።

እኔ እዚያ ግድግዳ ሥር ቆሜ ያሰብኩት ስለ ጦርነቱ ብቻ አልነበረም። ጣሪያው ሲወድቅ ማን ይጠግነው? ኖራ አዋቂው ሄዷል። ጠራቢው ሄዷል። በዙሪያው ያለው ገበሬ የሚያውቀው ጥድ መፈለጥ፣ ጭቃ ከጭድ ጋር ረግጦ ማቡካት፣ ሳር መክደን ነው። ከዚያ ጦርነት ወዲህ በጎጃም ክቡ ቤት የበዛው በአጋጣሚ አይመስለኝም። ክቡን ቤት ሰፈሩ ራሱ ይሠራዋል፣ ሰፈሩ ራሱ ያድሰዋል። ሳሩ ሲበሰብስ ደቦ ይጠራል፣ ጠላ ይጠመቃል፣ ይከደናል። ጃፓን ያለው ሆርዩጂ የተባለ የቡድሃ ገዳም በዓለም ላይ ከቆሙ የእንጨት ሕንፃዎች ሁሉ አንጋፋው ነው፣ ከ1,300 ዓመት በላይ። እሱም ተነክቶ የማያውቅ ሆኖ አይደለም፤ በየዘመኑ አናጢዎች የበሰበሰውን እያወጡ በአዲስ እየተኩ ነው ያቆዩት።

የደብረ ወርቅ ማርያም፣ ከተማውን ከላይ ሆና የምታይ፣ ክብ ናት። ሀዲስ ዓለማየሁ ልጅ ሆነው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ነው የተማሩት፤ ቅኔ የሚቆጠረው በእንዲህ ዓይነቱ ቤት ጥላ ሥር ነው። ደብረ ማርቆስም ብትሆን ስሟን ያገኘችው ከቤተ ክርስቲያን ነው፤ በፊት መንቆረር ነበረች። በ1873 ዓ.ም. የነገሡት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መናገሻቸው ያደረጓት ጊዜ ነው የማርቆስ ስም ጎልቶ የወጣው።

አሁን ወደ ቆርቆሮው።

እኔ ቆርቆሮን አልረግምም። የጎጃምን ክረምት የማያውቅ ሰው ነው ሳር ክዳን ሲፈርስ አየሁ ብሎ የሚያለቅስ። የሚታጨድ ሳርም እንደ ድሮው የለም፤ ግጦሹ ታርሷል። ሳሩ አፍስሶ ሥዕሉን ከሚያጥበው ቆርቆሮው ሺህ ጊዜ ይሻላል። ችግር የለውም ማለቴ ግን አይደለም፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ከውስጥ ያልበዋል፣ ዝናብ ሲጥል ቅዳሴው አይሰማም። ይሄ ሁሉ ሆኖ ክቡ ቤት ክብ ሆኖ ይቀጥላል። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ቀጥሎ የመጣው ነው።

የእናቴ አገር ከደብረ ማርቆስ ብዙም አይርቅም፤ የቤተ ክርስቲያኗን ስም አልጠራም፣ ጉዳዩ ገና አላለቀም። ክብ ናት። ግድግዳዋ ጭቃ፣ ዓምዶቿ ጥድ፣ ሥዕሏ ግማሽ ጎኑ የተላጠ። የአገሬው ልጆች አዲስ አበባም፣ ውጭ አገርም ያለነው አንድ የቴሌግራም ግሩፕ አለን። ግሩፑ የተከፈተው ለእድሳት ነበር። ባለፈው ዓመት ግን ዓላማው ተለወጠ፤ አሮጌዋን አፍርሶ በሲሚንቶና በብሎኬት ባለ ብዙ ጉልላት ትልቅ ሕንፃ መሥራት። ገንዘብ ያዡ የአዲስ አበባን አንድ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ፎቶ ለጠፉ፤ ከሥሩ በደቂቃ ውስጥ የእልልታ ስቲከር ሞላ።

ለፍልሰታ አገር ቤት ስወርድ የኔታን አገኘኋቸው። ቅኔ መምህር ናቸው፣ ለእናቴ ነፍስ አባትም ናቸው። «የኔታ፣ እርስዎ ምን ይላሉ? ትፍረስ?» አልኳቸው።

«አይ ልጄ» አሉኝ፣ በጭራቸው ዝንብ እያባረሩ። «እኔ የምለውን ተወው። ለጥምቀት ማግስት መጥተህ አይተሃል? ሰዉ ግማሹ ዝናብና ፀሐይ ላይ ነው የሚያስቀድስ። እናትህ እንኳ በዚያ ጉልበቷ ከዋርካው ሥር ነው የምትቆም። አንተ የምታዝን ለግድግዳው ነው፤ ሕዝቡስ?»

መልስ አልነበረኝም። እውነት ነው፤ ሕዝቡ በዝቷል። ክብ ቤት ደግሞ እንደ ልብ አይሰፋም፤ ቅኔ ማኅሌቱን ብታሰፋ ጣሪያው ይረዝማል፣ ጣሪያው ሲረዝም እንጨቱ አይደርስም። ትንሽ ቆይቼ «እሺ፣ አዲሱ ከጎን ቢሠራስ? የመርጡለ ማርያም ፍርስራሽ እንኳ ከነግርማው ግቢው ውስጥ ቆሞ የለ?» አልኳቸው።

«ቦታውን ከየት አምጥተህ?» ወደ ደኑ አሳዩኝ። «ይሄን ጥድ ልትቆርጥ?»

ነገሩ እዚህ ላይ ነው ያለው። ከጎን ለመሥራት ደኑ መነካት አለበት፤ ደኑን ላለመንካት አሮጌዋ መፍረስ አለባት። ሦስተኛ መንገድ የሚመስለኝን ግሩፑ ላይ ጻፍኩት፤ በምዕራቡ በኩል፣ ዛፍ የሌለበትን የማኅበር መብያ ዳስ አንስቶ ሰፊ የማስቀደሻ አዳራሽ መሥራት፣ ታቦቱ ባለበት ክቡ ቤት ይቆይ፣ ዓምዶቹ ይታደሱ። አንዱ «የፎቶ ሱስ ነው የያዘህ» አለኝ። ሁለት ሰዎች ልብ ሰጡኝ። ገንዘብ ያዡ ግን ቁም ነገረኛ ሰው ናቸው፤ «መጀመሪያ አናጢ ይየው፣ ስንቱ እንደተበላ እንወቅ» ብለው ዘጉት።

በሚቀጥለው ቀን አንድ የሰፈሩን አዛውንት አናጢ ይዘን ዞርን። ሽማግሌው ሜትር አልያዙም። እያንዳንዱን ዓምድ በመጥረቢያ ጀርባ መታ መታ እያደረጉ ጆሯቸውን ያስጠጋሉ፤ ከዚያ በጥፍራቸው ሥሩን ይቧጥጣሉ። ጤነኛው ጥድ ከበድ ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የተበላው እንደ ባዶ ቅል ይጮሃል። እኔ ከኋላቸው እየተከተልኩ እያንዳንዱን ዓምድ ፎቶ አነሳሁ፣ ቁጥር ሰጠሁት። መቅደሱ ጋ ስንደርስ እሳቸውም እኔም ከቅድስቱ አላለፍንም፤ የውስጡን አንድ ዲያቆን ገብቶ እያንኳኳ ድምፁን ከውጪ አዳመጡት።

ማታ ግሩፑ ላይ የድምፅ መልእክታቸውን ለጠፍኩት። በውጪው ቀለበት አራት ዓምድ ከሥሩ ተበልቷል፤ ሁለቱ ዛሬ ነገ የማይባሉ ናቸው። የቅድስቱ ሁሉም ደህና። የመቅደሱ «ከእኔ የልጅ ልጅ ይከርማል» ነው ያሉት። ለአራቱ ዓምድ የሚሆን ቀጥ ያለ የቆየ ጥድ ግን ገበያ ላይ እንደማይገኝ፣ ከግቢው መቁረጥ ካስፈለገ ደግሞ የሰበካ ጉባኤውም የወረዳውም ፍቃድ እንደሚያስፈልግ ጨመሩበት። ገንዘብ ያዡ «ባሕር ዛፍስ?» ብለው ጠየቁ። ሽማግሌው ስቀው «ለአጥር» አሉ። የጥዱ ዋጋ ገና አልመጣም፤ ስብሰባው ኅዳር ውስጥ፣ ከአጨዳው በኋላ ነው።