ክረምት ሳይወጣ ስለሚሰናዳ የበጋ ጓሮ

በከምባታ አገር፥ በሐምበሪቾ ተራራ አቅራቢያ ባለችው በዱራሜ፥ የጓሮ ዋና ሀብት እንሰት ነው። ቆጮ ለሰውነት ኃይል ይሰጣል፤ ነገር ግን በጎመንና በካሮት የሚገኘው ለዓይን የሚበጅ ቪታሚን እምብዛም አይገኝበትም። ስለዚህ ልጆች በበጋም አትክልት እንዳያጡ፥ ጓሮው ዝናቡ ሳያቆም ሊታሰብበት ይገባል።

አቆጣጠሩ እንዲህ ነው። የጥቅል ጎመን ችግኝ በመደብ ከ4 እስከ 6 ሳምንት፥ የሽንኩርት ችግኝ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይቆያል። እንግዲህ በመስከረም አጋማሽ ለመትከል የሚያስብ ሰው የሽንኩርቱን ዘር በሐምሌ መጨረሻ፥ የጎመኑን በነሐሴ አጋማሽ ይዝራ። ካሮት ግን ሲነቀል ሥሩ ስለሚበላሽ፥ በሚያድግበት ቦታ ይዘራል።

ፍጉ ሁሉ ለእንሰቱ አይሰጥ፤ የበሰበሰው ተከፍሎ ለአትክልቱ መደብ ይቀመጥ። ችግኝ ወደ ማታ ይተከል፤ እስኪጠና ድረስም የእንሰት ቅጠል ጥላ ይሁነው። ከዚያ በኋላ እርጥበቱ ቶሎ እንዳይደርቅ ዙሪያው ደረቅ ሣር ይልበስ።

መምህሩ ቀኑን ከተማሪዎች ጋራ ወደ ኋላ ይቁጠር፤ ሽማግሌዎችም ዝናቡ በመንደራቸው መቼ እንደሚያቆም ይንገሯቸው። የዘገየ ዘር ሥሩን ሳይሰድ ድርቁ ይደርስበታልና።