የቻርተርሃውስ የእርሳስ ማዕድን ፍርስራሽ

ቻርተርሃውስ በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ በሱመርሴት ግዛት፣ በሜንዲፕ ኮረብቶች ላይ የሚገኝ ጥንታዊ የእርሳስ ማዕድን ማውጫ ሥፍራ ነው። (እዚህ «እርሳስ» የተባለው ከባዱ ብረት እንጂ የመጻፊያው እርሳስ አይደለም፤ የመጻፊያው ውስጥ ያለው ግራፋይት ነው።)

ሮማውያን ብሪታንያን የወረሩት በ43 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ነው። በአቅራቢያው በዉኪ ሆል የተገኘ፣ የንጉሠ ነገሥት ቀላውዴዎስ ስም የተቀረጸበት ጥፍጥፍ እርሳስ የ49 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ማዕድኑን በስድስት ዓመት ውስጥ ይዘውት ነበር ማለት ነው። የቸኮሉበት ምክንያት ብር ይመስላል። ጋሌና የተባለው የእርሳስ ማዕድን ጥቂት ብር ይይዛል። የቀለጠው እርሳስ በኃይለኛ ሙቀት አየር ሲያገኘው ወደ ኦክሳይድ ይለወጥና ብሩ ብቻውን ይቀራል። በንጉሠ ነገሥት ቬስፓሲያን ዘመን በተሠሩ ጥፍጥፎች ላይም ከብር ማውጫው የመጣ የብሪታንያ እርሳስ መሆኑን የሚገልጽ አጭር ጽሑፍ ይነበባል። ከሮማውያን ዘመን ዛሬ የሚታዩት የትንሽ ምሽግ ቅሪት፣ ሞላላ የትርዒት ሜዳና ከማዕድኑ ሥር ተከትለው የተቆፈሩ ረጃጅም ቦዮች ናቸው።

ሆኖም ጎብኚ መጀመሪያ የሚያየው አብዛኛው ነገር የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። የጥንቶቹ አቅላጮች በጣሉት ዝቃጭ ውስጥ ብዙ እርሳስ ቀርቶ ስለነበር፣ የዘመኑ ኩባንያዎች አዲስ ጉድጓድ ከመቆፈር ይልቅ አሮጌውን ክምር አጥበው እንደገና አቀለጡት። በዚህም ለአርኪዮሎጂ ይጠቅም የነበረ ብዙ ቅሪት አብሮ ወደ እቶን ገባ። በምትኩ ክብ ማጠቢያ ጉድጓዶች፣ እንደ ጥቁር መስታወት የሚያብለጨልጭ የዝቃጭ ክምርና በድንጋይ የተገነቡ ረጃጅም የጭስ ቦዮች ቀሩ። በቦዮቹ ውስጥ ጭሱ ሲቀዘቅዝ እርሳሱ ግድግዳው ላይ ይጋገራል፤ ሠራተኞችም ይህን መርዛም ብናኝ ፍቀው ያወጡት ነበር።

ጉዳቱ በሠራተኞቹ ብቻ አልቆመም። ሜንዲፕ የኖራ ድንጋይ በመሆኑ ውሃው ወደ ዋሻዎች ሰርጎ ራቅ ብሎ ይወጣል። በፕሪዲ መንደር ከነበረው ሌላ ማጠቢያ የወረደው ቆሻሻ በዉኪ ሆል የወረቀት ፋብሪካ የሚጠቀምበትን ውሃ ስላበላሸ፣ የፋብሪካው ባለቤት ሆጅኪንሰን የማዕድን ሥራውን ባለቤት ኤኖርን ከስሶ በ1863 ተፈረደለት። የሜንዲፕ የመጨረሻው የእርሳስ ሥራ፣ እሱም በፕሪዲ፣ በ1908 ተዘጋ።

የአካባቢው ሰዎች ጉብታና ጉድጓድ የበዛበትን ይህን መሬት «ግራፊ» ይሉታል። አፈሩ አሁንም እርሳስ ስላለበት ብዙ ተክል አይችለውም፤ ከብረቱ ጋር የተላመዱ ጥቂት የአበባ ዓይነቶች ግን ሌላው በማይበቅልበት ክምር ላይ ይታያሉ።