ፀሐይ ላይ ስንሰራ አምቦ ውሃ ይበቃል?
ከአምቦና ከጉደር በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ነው፦ «ዶክተር፣ ሳይት ላይ በሙቀት ስንሰራ አምቦ ውሃ አይሻልም? ማዕድን አለው እኮ።»

አለው፤ ሶዲየምም ባይካርቦኔትም አለው። ግን ጋዙ ሆድ ስለሚነፋ ጥማችሁን ሳይቆርጥ ጠገብን ብላችሁ ታቆማላችሁ። ግፊት ላለበት ደግሞ ተጨማሪ ጨው ነው። ዋናው መጠጥ ንጹህ ውሃ ይሁን፤ ሳይጠማችሁ በየ15–20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ። (የልብና የኩላሊት ታካሚዎች መጠኑን ሐኪማችሁን ጠይቁ።) ከዚህ እጅግ አብዝቶ መጠጣት የደምን ጨው ያቀጥናል። ምሳ አትዝለሉ፤ በላብ የወጣውን ጨው የሚተካው ሽሮው ነው። አረቄ ውሃ አይደለም፣ ወንድሞቼ!

ሽንታችሁ ከጠቆረ ጥላ ገብታችሁ ጠጡ። የሥራ ባልደረባችሁ ንግግሩ ከተምታታ ወይም ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አትስጡት፤ ጥላ ውስጥ አስገብታችሁ፣ ሰውነቱ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ እያፈሰሳችሁና እያራገባችሁ፣ በፍጥነት ወደ ሆስፒታል።