አጥንት ስም የሚያገኝበት መንገድ



በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ማብቂያ በሶማሌና በኦሮሚያ ክልሎች አዋሳኝ 200 ያህል አስከሬኖች ያሉበት የጅምላ መቃብር መገኘቱን የመገናኛ ብዙኃን ፖሊስን ጠቅሰው ዘግበው ነበር። ያን ሰሞን እዚህ ጅግጅጋ ደጋግሜ የተጠየቅሁት ጥያቄ «ማን ማን እንደሆኑ በአጥንታቸው ይታወቃል?» የሚል ነበር። ዛሬ የምናገረው ስለዚሁ ነው።

አጥንት ብዙ ያስረዳል። ዳሌ ወንድን ከሴት ይለያል። ከትከሻ ወደ ደረት የተዘረጋው ቀጭን አጥንት በደረት በኩል ያለው ጫፉ ሙሉ በሙሉ የሚገጥመው በሃያዎቹ ዕድሜ መጨረሻ ግድም ስለሆነ ወጣቱን ከጎልማሳው ያስለየናል። የሕፃን ዕድሜ ከጥርሱ ዕድገት ይገመታል። ቁመት ከጭን አጥንት ይሰላል፤ ሆኖም በሰፊው የሚሠራበት ቀመር በአብዛኛው በሁለተኛው የዓለም ጦርነትና በኮርያ ከሞቱ አሜሪካውያን ወታደሮች የተገኘ ነው። የእግርና የሰውነት ምጣኔ ከሕዝብ ሕዝብ ስለሚለያይ ቀመሩን እንዳለ ለአውበሬ አርብቶ አደር ማዋልን አልደግፍም።

ይህ ሁሉ ግን ተፈላጊዎችን ያጠባል እንጂ ስም አይሰጥም። ስም የሚገኘው ሰውዬው በሕይወት ሳለ ከተያዘ መረጃ ጋር በማመሳከር ነው። በሌላው ዓለም የጥርስ ሐኪም መዝገብ አለ፤ የእኛ መዝገብ በአብዛኛው የቤተሰብ ትዝታ ነው። በልጅነቱ ከግመል ወድቆ ወጌሻ ያሸው ክንድ፣ የተነቀለ መንጋጋ፣ ጫት የሚይዝበት ጉንጭ፤ የመጨረሻውን ስጠይቅ የሚስቁ አሉ፣ ነገር ግን በአንድ ጎን ለዓመታት የቃመ ሰው የዚያ ጎን ጥርሱ ይበልጥ ሊበላ ይችላል። በ1980ዎቹ አጋማሽ ከልዩ ዐቃቤ ሕግ ጋር የቀይ ሽብር መቃብሮችን የከፈተው የአርጀንቲና የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ቡድንም በአገሩ የለመደው ዘዴ ይኸው ነበር፤ አጥንቱን ከመለካት ጎን ለጎን ቤተሰብን መጠየቅ።

የዘረመል ምርመራም ቢሆን ዘመድ ይሻል። የሶማሌ ልጅ የአባቶቹን ስም በአብቲርሲ ወደ ላይ ይቆጥራል። ከአባት ወደ ወንድ ልጅ የሚወርደው የዋይ ክሮሞዞምም የሚከተለው ይህንኑ መስመር ነው፤ ስለዚህ የአንድ ጎሳ ወንዶች በሙሉ ሊጋሩት ይችላሉ፣ የአጎት ልጅ ናሙና ብቻውን ሟቹን ከወንድሙ አይለይም። ይበልጥ የሚያስፈልገን አብቲርሲ የማይቆጥራት እናት ናት። እናቶች ደግሞ እያረጁ፣ እያለፉም ነው። ናሙናው ከጉንጭ ውስጥ በጥጥ የሚወሰድ ምራቅ ነው፤ መቃብሩ እስኪከፈት መጠበቅ አያስፈልገውም፣ አሁን ተወስዶ በአግባቡ ሊቀመጥ ይችላል።

መቃብር ያገኘ ቤተሰብ ግን በገዛ አካፋው አይቆፍር። አጥንት አንዴ ከተደባለቀ የማን እጅ ከማን ትከሻ እንደነበረ መለየት እጅግ ይከብዳል።