በጓዳ የተደበቀ ሕመም በአዳራሽ ሲወራ

«ትልቁ ልጅሽ የት ሄደ? ካየሁት ሰነበትኩ እኮ!»

«ክፍለ ሀገር ነው፤ አጎቱ ዘንድ።»

ውድ እናቶችና እህቶች፣ ይህን የመሰለ ጥያቄና መልስ በቡና ላይ ሳትሰሙ አትቀሩም። ምናልባትም መልሱን የሰጣችሁት እናንተው ራሳችሁ ትሆናላችሁ። ልጁ ግን አጎቱ ዘንድ አልሄደም። ያለው እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ከጓዳው ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ነው። እንቅልፍ ካጣ ወራት አልፈዋል። ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ ይሰማል፤ እናቱ ያቀረበችለትን ምግብ «መርዝ አለበት» ብሎ ይመልሳል፤ ትምህርቱን ካቆመ ቆይቷል። እናቱ በሩን ከውጭ የምትዘጋበት ልጇን ጠልታ አይደለም። ጎረቤት እንዳይሰማ፣ የታናሽ እህቱ ትዳር እንዳይሰናከል፣ «በዘራቸው አለ» እንዳይባል ብላ ነው። ቀን ሥራ ቦታዋ ስትውል ልቧ ከዚያች ክፍል አይወጣም፤ ማታም እሱን ስትጠብቅ እንቅልፍ በዓይኗ አይዞርም።

ይህች እናት የአንድ ሰፈር ሴት ብቻ አይደለችም፤ በየከተማውና በየገጠሩ አለች። በዛሬው ዓምዳችን የምንወያየው የእሷን በር ለማስከፈት ስለሚረዳ አንድ ዘዴ ነው። ይኸውም የአካባቢ ሰው አንድ ላይ ተቀምጦ ስለ አእምሮ ሕመም የተሠራ ዘጋቢ ፊልም እንዲያይና ካየ በኋላም በግልጽ እንዲነጋገር ማድረግ ነው።

መደበቁ ምን ያህል የተስፋፋ ነው?

በአገራችን ስለ አእምሮ ሕመም ከተካሄዱት ሰፋፊ ጥናቶች አንዱ በቡታጅራ አካባቢ የተደረገው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆነ ከ68 ሺህ በላይ ሰዎች ተጠይቀዋል። ስኪዞፍሬንያ የተባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ከተገኘባቸው መካከል አብዛኞቹ ከዚያ ቀደም ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው አያውቁም ነበር።

በዚያው አካባቢ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው በቤታቸው የሚገኝ 178 ዘመዶችም ስለ ኑሯቸው ተጠይቀው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመው ውጤት መሠረት ከመቶ 75ቱ በሕመሙ ምክንያት መገለል እንደሚሰማቸው ሲናገሩ፣ ከመቶ 37ቱ ደግሞ የዘመዳቸውን መታመም ለመደበቅ እንደሚፈልጉ ገልጸዋል።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል ያገራችን ሰው። አባባሉ እውነት ነው። ይሁን እንጂ በአእምሮ ሕመም ረገድ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። ብዙውን ጊዜ ሕመሙን የሚደብቀው ታማሚው ሳይሆን ቤተሰቡ ነው፤ ቤተሰቡንም እንዲደብቅ የሚያስገድደው የእኛ የጎረቤቶች አፍ ነው። ወባ የያዘው ሰው ብርቱካንና ዳቦ ተይዞ ይጠየቃል። ቀዶ ሕክምና ያደረገችውን እናት እድርተኛው ተራ ገብቶ ያስታምማታል። አእምሮው የታመመ ልጅ ያለበትን ቤት ግን ማን ይጠይቃል? ስለዚህ መማር የሚያስፈልጋት በሩን የዘጋችው እናት ብቻ ሳትሆን፣ በሩ እንዲዘጋ ያደረግነው እኛም ነን። ፊልሙም በይበልጥ የሚያስፈልገው ለጎረቤት ነው።

ሐኪምም ይደብቃል

«መደበቅ ያልተማረ ሰው ጠባይ ነው» የሚል ቢኖር ተሳስቷል። ለዚህ ዶክተር ዴላኒ ረስተን የተባሉ አሜሪካዊት ሐኪም ምስክር ናቸው። እኚህ ሴት አባታቸው በስኪዞፍሬንያ ይሠቃዩ ነበር። ልጅየዋ ሐኪም ሆነው ሳለ እንኳ አባታቸው ፈልገው እንዳያገኟቸው የስልክ ቁጥራቸውን ከማውጫ ላይ አስወጥተው ለዓመታት ተሸሽገው ኖረዋል። ኋላ ግን አባታቸውን ፈልገው አገኙ፤ ሁለቱ እንደገና የተገናኙበትን ታሪክም በፊልም ቀርጸው እ.ኤ.አ. በ2010 አወጡት። የፊልሙ ስም «አንሊስትድ» ሲሆን፣ ትርጉሙ «ከማውጫ የሌለች» እንደማለት ነው።

ዶክተሯ በዚህ አላበቁም። በሌላውስ አገር ያሉ ቤተሰቦች እንዴት ይኖሩ ይሆን በማለት በሕንድ፣ በቻይና፣ በደቡብ አፍሪካና በፈረንሳይ እንዲሁም በገዛ አገራቸው ካሜራ ይዘው ዞሩ። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ይህ ሁለተኛው ፊልም «ሂደን ፒክቸርስ»፣ በእኛ ቋንቋ «የተደበቁ ምስሎች» ይባላል። የአገሩ ሀብት፣ ቋንቋና ሃይማኖት ቢለያይም በየቤቱ ያለው ዝምታ ግን ተመሳሳይ ነው።

ከእኚህ ሴት ሥራ የምንማረው ዋና ነገር ምንድን ነው? መጀመሪያ ያወሩት ስለ ሰው ቤት ሳይሆን ስለ ገዛ ቤታቸው መሆኑ ነው። አንድ ሰው ደፍሮ ስለ ራሱ ሲናገር፣ አዳራሽ ውስጥ በዝምታ የተቀመጠችው እናት «ለካስ እኔ ብቻ አይደለሁም» ትላለች። ይህች አንዲት ቃል የተዘጋውን በር ለመክፈት የመጀመሪያዋ ቁልፍ ናት።

እውቀት ብቻውን ለምን አይበቃም?

«ሕመም መሆኑን በደንብ ካስረዳን ሰው ማግለሉን ይተዋል» የሚል እምነት አለ። ነገሩ እንደዚህ ቀላል አይደለም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1996 እና በ2006 የሕዝቡ አስተያየት ተጠይቆ ነበር። በእነዚያ አሥር ዓመታት ውስጥ የአእምሮ ሕመም የአንጎል ሕመም መሆኑን የሚያውቀው፣ ሕክምናንም የሚደግፈው ሰው ቁጥር ጨምሯል። ሆኖም ታማሚን ጎረቤት ወይም የሥራ ባልደረባ ለማድረግ የነበረው ፍርሃት በዚያው ልክ አልቀነሰም።

ታዲያ ፍርሃትን የሚቀንሰው ምንድን ነው? «ላንሴት» የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት፣ መገለልን ለመቀነስ ከሁሉ የበለጠው መንገድ ከታማሚዎች ጋር በአካልም ሆነ በሌላ መንገድ መገናኘትና ከራሳቸው አንደበት መስማት መሆኑን አስታውቋል። የዘጋቢ ፊልም ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ቤቱ ሄደን የማንጠይቀውን ሰው ፊልሙ እኛ ወዳለንበት አዳራሽ ያመጣዋል። ሲታመም ብቻ ሳይሆን ሲሻለው፣ ሲሠራ፣ ልጁን ሲያቅፍ፣ ከሚስቱ ጋር ሲከራከር እናየዋለን። ሰው መሆኑን እናያለን።

ይህ ማለት ግን ማንኛውም ፊልም ይጠቅማል ማለት አይደለም። ሰንሰለትንና በየመንገዱ የሚንከራተት ሰውን ብቻ እያሳየ፣ አሳዛኝ ሙዚቃ የሚያሰማ ፊልም ተመልካቹን ያስለቅስ ይሆናል። ነገር ግን ወደ ቤቱ የሚመልሰው ከነፍርሃቱ ነው። ያቺ እናትም በሩን ይበልጥ አጥብቃ ትዘጋለች።

በእናንተ አካባቢ እንዴት ሊደረግ ይችላል?

ለዚህ ሥራ ሲኒማ ቤት አያስፈልግም። የእድር አዳራሽ፣ የፋብሪካ መመገቢያ ክፍል፣ የወላጆች ስብሰባ የሚደረግበት ትምህርት ቤት፣ ቴሌቪዥን ያለበት አንድ ሰፊ ሳሎንም ይበቃል። ከዚህ በታች ያሉትን ነጥቦች ግን ልብ በሉ።

አንደኛ፣ ፊልሙን አስቀድማችሁ ሁለት ሦስት ሆናችሁ እዩት። የታየው ሰው ወዶና ፈቅዶ የተቀረጸ መሆኑን፣ የሚያዋርድ ነገር አለመኖሩን፣ ንግግሩም ለተመልካቹ የሚገባ መሆኑን አረጋግጡ። ራስን ስለ ማጥፋት የሚናገር ከሆነ አድራጎቱን በዝርዝር የሚያሳይ መሆን የለበትም። ከግማሽ ሰዓት እስከ አርባ ደቂቃ የሚፈጅ ቢሆን ይመረጣል፤ የቤት ሥራ የሚጠብቃት ሴት ከዚያ በላይ ልትቀመጥ አትችልም።

ሁለተኛ፣ በአቅራቢያችሁ ካለ ጤና ጣቢያ የጤና ባለሙያ፣ ቢቻልም የአእምሮ ሕክምና ነርስ ጋብዙ። ታሞ የተሻለውና ለመናገር ፈቃደኛ የሆነ ሰው ቢገኝ ደግሞ ከፊልሙም ይበልጣል። ፈቃደኛ ያልሆነውን ግን ማንም አያስገድደው።

ሦስተኛ፣ ፊልሙ የፈጀውን ያህል ጊዜ ለውይይት ስጡ። ፊልም አይቶ መበተን እህል ዘርቶ ሳያርሙ እንደመተው ነው። ውይይቱ ሲጀመርም በአዳራሹ የተነገረ የሰው ምስጢር ከአዳራሹ እንዳይወጣ፣ የጎረቤት ስም እንዳይነሣ፣ «እብድ»፣ «ወፈፌ»፣ «ለይቶለታል» የሚሉ ቃላትም እንዳይነገሩ ተስማሙ።

አራተኛ፣ ከሁሉም በፊት ሕክምናው የት እንደሚሰጥና በየትኛው ቀን እንደሆነ ጠይቃችሁ እወቁ፤ በወረቀት ጽፋችሁም ለሁሉም አድሉ። ወረቀቱ ለሁሉም ከታደለ «ማን ወሰደ?» የሚል ሐሜት አይነሣም። መሄጃ ሳያሳዩ የእናትን ጭንቀት መቀስቀስ ግን በደል ነው።

መነሣታቸው የማይቀር ጥያቄዎች

«ሕመሙ ይተላለፋል ወይ?» ተብሎ ይጠየቃል። ከሰው ወደ ሰው አይጋባም፤ አብሮ መብላት፣ አብሮ መተኛት አያስይዝም።

«በዘር ይወረሳል ወይ?» የሚለው የብዙ እናቶች ሥጋት ነው። በቤተሰብ ውስጥ ታማሚ መኖሩ ዕድሉን ከፍ እንደሚያደርገው የታወቀ ነው። ሆኖም አንድ ሰው በስኪዞፍሬንያ ቢታመም ከወንድሞቹና ከእህቶቹ ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል በዚሁ ሕመም አይያዙም። ስለዚህ የታናሽ እህቱን ትዳር የሚያሰናክለው ሕመሙ ሳይሆን ወሬው ነው።

«ጸበል ነው ወይስ መድኃኒት?» ብሎ የሚጠይቅም አይጠፋም። እምነት ለታማሚውም ሆነ ለቤተሰቡ መጽናኛ ነው፤ ማንም ሊነፍጋቸው አይገባም። ዋናው ነገር ጸበል የሚጠመቀው ሰው የታዘዘለትን መድኃኒት ሐኪሙን ሳያማክር እንዳያቋርጥ ነው። ማሰርና መደብደብ ግን ሕክምና አይደለም፤ አካልን ይጎዳል እንጂ አእምሮን አያድንም።

«ሕክምናው አዲስ አበባ፣ አማኑኤል ሆስፒታል ብቻ አይደለም ወይ?» የሚልም ይኖራል። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራው አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዘመናት ለአእምሮ ሕሙማን ብቸኛው የአገሪቱ መጠጊያ እንደነበረ እውነት ነው። አሁን ግን ስልጠና ያገኙ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎችም ይህን ሕክምና ይሰጣሉ። በአገራችን ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት፣ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች በቅርብ ጤና ጣቢያ ክትትል ቢደረግላቸው፣ በሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ነርስ ከሚከታተላቸው ያላነሰ ውጤት እንደሚያገኙ አሳይቷል። መንገዱ እንደ ድሮው ሩቅ አይደለም ማለት ነው።

ለሠራተኞችም አንድ ቃል

እናንት በፋብሪካና በመሥሪያ ቤት የምትውሉ አንባብያን፣ ታሞ ሕክምናውን ሲከታተል ቆይቶ ወደ ሥራው የተመለሰ ባልደረባ ቢኖራችሁ ምን ታደርጋላችሁ? ሻይ ሲጠጣ ብቻውን ይቀመጣል ወይስ ወንበር ትስቡለታላችሁ? ሥራው መድኃኒቱን ያህል ይረዳዋል። ከሥራ የተባረረ፣ ከጓደኛ የተለየ ሰው መድኃኒቱን ቢውጥም መዳኑ ይዘገያል። በምሳ ሰዓት የሚታይ አንድ ፊልምና ከዚያ በኋላ የሚደረግ ጨዋታ ያችን ወንበር ለመሳብ ድፍረት ይሰጣል።

ውድ እናቶች፣ ፊልም ሕመምን አያድንም። የሚያድነው ሕክምና፣ ትዕግሥትና የሰው ፍቅር ነው። ፊልሙ የሚያደርገው እስከ ዛሬ በጓዳ የተንሾካሾክንበትን ጉዳይ በአዳራሽ፣ በግልጽ እንድንነጋገርበት በር መክፈት ብቻ ነው። ይህም ቢሆን ቀላል አይደለም። ያን ቀን በቡና ላይ ጥያቄው እንደገና ይነሣ ይሆናል፤ መልሱ ግን ሌላ ይሆናል።

«ትልቁ ልጅሽ የት ሄደ? ካየሁት ሰነበትኩ እኮ!»

«አእምሮውን ታሞብኝ ቤት ነው ያለው። ጤና ጣቢያ ወስጄው መድኃኒት ጀምሯል።»

ከዚህ በኋላ ያለው ቃል የጎረቤቷ ነው፤ ማለትም የእናንተ ነው። ወባ ለያዘው ልጅ የምትሉትን በሉ። «እግዚአብሔር ይማርልሽ። ነገ መጥቼ ልጠይቀው?» በሏት። ስትሄዱም እንደ ወጉ ብርቱካን መያዙን አትርሱ።