ድረ ገጽ ከፍቶ ደንበኛ ያጣ ነጋዴ፦ ማውጫውን አስመዝግቧልን?

በባሕር ዳር ሆቴል ያላቸው፣ ወደ ጣና ገዳማት ጎብኚ በጀልባ የሚያመላልሱና የዘጌን ቡና ለውጭ ገዢ የሚያቀርቡ ነጋዴዎች ድረ ገጽ ማሠራት ከጀመሩ ሰነባብተዋል። ገንዘብ የወጣበት ገጽ ግን በጎግል ተፈልጎ ካልተገኘ፣ በጓሮ እንደተከፈተ ሱቅ ይቆጠራል።

ነገሩ የኮሚሽን ጉዳይ ነው። የሆቴሉ የራሱ ገጽ ካልታየ ጎብኚው የሚያገኘው እንደ ቡኪንግ ዶት ኮም ያሉ አገናኞችን ነው። በእነዚህ በኩል ከመጣ እንግዳ ሂሳብ ላይ 15 በመቶ አካባቢ ለአገናኙ መቁረጥ የተለመደ ነው። በቀን 2,000 ብር የሚከራይ ክፍል ቢሆን 300 ብር ይሄዳል ማለት ነው። በአማራ ክልል እ.ኤ.አ. በ2023 የተቀሰቀሰው ግጭት የጎብኚውን ፍሰት ክፉኛ ላዳከመበት የጣና ዳርቻ ገበያ ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም።

ጎግል ድረ ገጾችን የሚያስሰው በኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ በሊንክ አማካይነት ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው እየተሻገረ ያነባል፤ ያነበበውንም መርጦ በመዝገቡ ያሰፍራል። ፈላጊው የሚታየው ከዚህ መዝገብ የወጣው ብቻ ነው። በመሆኑም ከሌሎች ድረ ገጾች ሊንክ ያልተዘረጋለት አዲስ ገጽ ሳይነበብ ሊከርም ይችላል።

ሳይት ማፕ የሚባለው ማውጫ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ማውጫው በድረ ገጹ ውስጥ ያሉትን ገጾች አድራሻና እያንዳንዱ የታደሰበትን ቀን የያዘ ፋይል ሲሆን፣ መጋዘን ያለው ነጋዴ ለደላላው ከሚሰጠው የዕቃ ዝርዝር ጋር ይመሳሰላል። ጎግል እ.ኤ.አ. በ2005 አስተዋወቀው፤ በ2006 ደግሞ ያሁና ማይክሮሶፍት ተቀበሉት። አንድ ፋይል እስከ 50,000 አድራሻ ወይም 50 ሜጋባይት ድረስ ይይዛል።

ሥራው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። በዎርድፕሬስ የተሠራ ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. በ2020 ከወጣው 5.5 እትም ወዲህ ማውጫውን በራሱ ያዘጋጃል። ባለቤቱ በጎግል ሰርች ኮንሶል ያለ ክፍያ ተመዝግቦ የድረ ገጹ ባለቤት መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ የማውጫውን አድራሻ ያስገባል። ለማይክሮሶፍቱ ቢንግም ተመሳሳይ መመዝገቢያ አለ። አድራሻውን ሮቦትስ ዶት ቲኤክስቲ በተባለው ፋይል ውስጥ በአንድ መስመር ማስፈርም ለሁሉም የፍለጋ ድርጅቶች ያገለግላል።

ከቴክኒሻን ሥራ የሚረከብ ነጋዴ ሁለት ነገር ማየት ይገባዋል። አንደኛው፣ ዎርድፕሬስ ድረ ገጹ ተሠርቶ እስኪያልቅ የፍለጋ ድርጅቶች እንዳያነቡት የሚከለክል ምልክት አለው። ምልክቱ ሳይነሳ ርክክብ ከተፈጸመ ዎርድፕሬስ ማውጫውን አያወጣም፤ ገጾቹም ወደ መዝገብ አይገቡም። ሁለተኛው፣ የታደሰበት ቀን እውነተኛ መሆን አለበት። ጎግል ቀኑን የሚቀበለው በተከታታይ ትክክል ሆኖ ሲያገኘው ነው። ሳይታደስ ታድሷል የሚል ማውጫ፣ ዋጋ ሳይለወጥ ተለወጠ እያለ እንደሚደውል ደላላ ሰሚ ያጣል።

ማውጫ ማስገባት በፍለጋ ውጤት አንደኛ ለመውጣት ዋስትና አይሰጥም፤ ገጹ መዝገብ ውስጥ ስለመግባቱም ቢሆን ጎግል ቃል አይገባም። ጎግል ራሱ እንደሚገልጸው 500 ያህል ወይም ከዚያ ያነሱ ገጾች ያሉትና ገጾቹ እርስ በርስ በሚገባ የተያያዙለት ድረ ገጽ ማውጫ ላያስፈልገው ይችላል። የበለጠ የሚጠቀመው ከውጭ ሊንክ ያላገኘው አዲስ ድረ ገጽ ነው።

በመሆኑም «ድረ ገጽዎን በየወሩ ለጎግል እናስመዘግባለን» እያለ ክፍያ ለሚጠይቅ ሰው ጥያቄ ማቅረብ ተገቢ ነው። ማውጫው አንድ ጊዜ ከገባ ጎግል በራሱ ጊዜ እየተመለሰ ያነበዋል። ቀድሞ ለውጥን ለማሳወቅ ያገለግል የነበረውን የጥሪ አሠራርም ጎግል እ.ኤ.አ. በ2023 አቋርጦታል። ለወርሃዊ ክፍያ የታሰበው ገንዘብ የክፍሎቹን ዋጋ፣ የጀልባውን የመነሻ ሰዓትና የቡናውን ደረጃ በየገጹ በትክክል ለማስፈር ቢውል ይሻላል። ከገጾቹ ስንቱ እንደተመዘገቡና ስንቱ እንደቀሩ ሰርች ኮንሶል በቁጥር ስለሚያሳይ፣ ባለቤቱ ውጤቱን ራሱ መቆጣጠር ይችላል።