እውነት ወይስ ተረት? ጠለፋው ከፈረሰ ወንዙም ዓሣውም ያልቃል

በሐረርጌው ጨርጨር ላይ የወረደ ዝናብ ሁለት መንገድ አለው። በሰሜን በኩል ያረፈው በሚኤሶ ቆላ አድርጎ ወደ አዋሽ ተፋሰስ ይወርዳል፤ በደቡብ ያረፈው በገለቲና በራሚስ በኩል ዋቢ ሸበሌን ይቀላቀላል። ከጭሮ እስከ ሒርና፣ ከበዴሳ እስከ ገለምሶ ባለው ዳገት ላይ ደግሞ ሰው ይህ ውሃ አምልጦት ሳይወርድ ወደ ቦይ በሚመልሰው አነስተኛ ግድብ፣ በጠለፋ፣ ሊይዘው ይታገላል። ጫቱም ሽንኩርቱም በበጋ የሚጠጣው እሱን ነው። ስለዚህ «ግድብ ይፍረስ» የሚል ቃል እዚህ ሲሰማ የሰው የእንጀራ ገመድ ይበጠስ የተባለ ያህል ነው። ቁጣው ይገባኛል። ቢሆንም በዚህ ጉዳይ ላይ የሚባለው ሁሉ እውነት አይደለም፤ ፍሬውን ከገለባው ለይተን እንየው።

ተረት፦ «ሐረርጌ ዓሣ የለም። የሌለ ነገር ደግሞ አይጎዳም።»

ዓሣ ሲባል በብዙዎቻችን ዓይን የሚመጣው ከዝዋይ ወይም ከሐዋሳ ተጭኖ የሚመጣው ቆሮሶ ነው። በሳህን ያልቀረበ ዓሣ ዓሣ አይመስለንም። የአካባቢው ኦሮምኛ ግን ቁርጡሚ የሚል የራሱ ቃል አለው፤ አዋሽም ዋቢ ሸበሌም ዓሣ ያላቸው ወንዞች ናቸው። አምባዛው የታወቀ ነው። ድንጋያማና ፈጣን በሆነው ጅረት ውስጥ ደግሞ የሳይንስ ሰዎች ጋራ የሚሉት፣ ከጣት ብዙም የማይረዝም ዓሣ አለ። ስሙ ከእኛው ጋራ ጋር ይግጠም እንጂ ዝምድና የለውም። ይህን ዓሣ ገልብጦ ያየ ሰው አይረሳውም፦ ከአፉ በታች እንደ ማኅተም ክብ የሆነ መምጠጫ አለው። በእሱ ድንጋዩን ይጨብጣል፤ ውሃው ሲገፋው ይለጠፋል፤ የድንጋዩን አረንጓዴ እየፋቀ ይበላል። ከጋራ ዓይነቶች አንዳንዶቹ በረጠበ ሻካራ ድንጋይ ላይ ሽቅብ መሳብም ይችላሉ። በሲሚንቶ የተለሰነ ቀጥ ያለ ግድግዳ ሲገጥማቸው ግን ጉዟቸው እዚያው ያበቃል።

ተረት፦ «የጠለፋው ቁመት ከሰው አይበልጥም፤ ዓሣው ዘሎ ያልፈዋል።»

በፊልም የምናየው ዘላይ ዓሣ የሰሜኑ አገር ሳልሞን ነው። እሱም ቢሆን ለመዝለል ከግድግዳው ሥር ጠለቅ ያለ ውሃ ይፈልጋል። ከጠለፋዎቻችን ሥር ያለው ጎርፍ እንዳይቦረቡረው የተነጠፈ ኮንክሪት ነው፤ በላዩ ላይ ስስ ውሃ ይንሸራተትበታል። ከዚያ ላይ ተነስቶ ሊዘል የሚችል ዓሣ የለንም።

አነስተኛ መሆኑም አያጽናናም። በ36 የአውሮፓ አገሮች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት በወንዞቻቸው ላይ ቢያንስ 1.2 ሚሊዮን መሰናክል እንዳለ ገምቷል፤ ከእነዚህ 68 በመቶው ቁመታቸው ከ2 ሜትር በታች ነው። ወንዙን የቆራረጠው በየመንደሩ ያለው የትንንሹ ብዛት ነው።

በአገራችን ነገሩ በደንብ የተጠናው ጣና ላይ ነው። በሐይቁ ውስጥ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ፣ ከ15 የማያንሱ የላቤዎባርበስ ዓይነቶች አሉ፤ የጣና አካባቢ ሰው ነጭ ዓሣ ይላቸዋል። ከእነሱ ከፊሎቹ ክረምት ሲገባ ሐይቁን ትተው እንደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ባሉት ወንዞች ሽቅብ ይወጣሉ። ፍለጋቸው ጥርት ያለ፣ አየር ያለው ውሃና ጠጠር ነው፤ እንቁላላቸውን የሚያኖሩት በጠጠሩ መካከል ነው። ጠጠሩ በጭቃ ከተመረገ እንቁላሉ ታፍኖ ይሞታል። መንገዱ ከተዘጋ ደግሞ እናቲቱ እንቁላሏን እንደያዘች ግድግዳው ሥር ትቀራለች፤ እዚያ ለመረብ የተመቸች ናት።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ግን ፍርድ ማጓደል ይሆንብኛል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ እነዚህ ዓሦች በሦስት አራተኛ ገደማ የቀነሱት በዋናነት በግድብ ምክንያት አልነበረም። በመራቢያቸው ወቅት በወንዞቹ አፍ ላይ የተዘረጋው መረብ ነው የጨረሳቸው። የርብ ግድብ የተሠራው ከዚያ በኋላ ነው፤ በቁስል ላይ።

ግማሽ እውነት፦ «የአባቶቻችን ጠለፋ ዓሣ አልከለከለም።»

በዚህ አባባል ውስጥ ናፍቆት አለበት፤ ጠንካራ ምክንያትም አለው። የቀድሞው ገበሬ በበጋ መግቢያ ወንዙ ሲጎድል ይሰበሰባል። ድንጋይ ይደረድራል፣ ቅርንጫፍ ያጋድማል፣ ቀዳዳውን በሣርና በጭቃ ይደፍናል፤ ውሃውም ወደ ቦዩ ይገባል። ክረምት ሲመጣ የመጀመሪያው ከባድ ጎርፍ ሁሉንም ጠራርጎ ይወስደዋል። በዓመቱ እንደገና «ሀ» ብሎ መጀመር ነው። ጉልበት ይጨርሳል፣ እንጨትም ይጨርሳል፤ ገበሬው ቢማረር እውነቱን ነው።

ግን ልብ እንበል፦ ያ ጠለፋ የሚፈርሰው ዓሣው ሽቅብ በሚጓዝበት በዚያው ወቅት ነበር። ማንም ሳያስብበት ወንዙ በየዓመቱ ራሱን ይከፍት ነበር። ኮንክሪቱ የመጣው ያንን ድካም ሊያስቀር ነው፤ አስቀርቷልም። ወንዙ ክፍት የሚሆንበትን ወቅት ግን አብሮ አስቀረው። ስለ ግድብ ማፍረስ ስናገር በልቤ ያለው ይህ ነው። ክረምት በጨርጨር ወንዞች ላይ በየዓመቱ ሲሠራው የኖረውን ነገር ከውጭ የመጣ ሐሳብ ልለው አልችልም።

ተረት፦ «በደለል የተሞላ ግድብ ሞቷል፤ ቢቀመጥ ምን ይጎዳል?»

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይህኛው ነው፤ ምክንያቱም ደለል ብርቃችን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960 የተጠናቀቀው የቆቃ ግድብ እንኳን ከመያዣው ትልቅ ድርሻ ለደለል አስረክቧል። የጎንደሩ አንገረብም በዚሁ ሲጨነቅ ኖሯል። ቆቃን ያልማረ ደለል፣ ዳገቱ እስከ አናቱ በሚታረስበት በጨርጨር አንድ ሜትር ተኩል የሆነን ግድግዳ በጥቂት ክረምት ቢሞላው ምን ይገርማል?

ከሞላ በኋላ ነው ጣጣው። ከግድግዳው በላይ የወንዙ ወለል ከፍ ስለሚል ጎርፉ መንገድ ያጣል፤ በክንፉ ዞሮ የሰው ማሳ ይበላል። ከግድግዳው በታች ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል። ጠጠሩንና አሸዋውን ከላይ አራግፎ የወረደው ውሃ ባዶ እጁን ነው፤ ወለሉን ይቆፍራል፣ ዳርቻውን ይንዳል። ለዓሣው እንቁላል የሚሆነው ጠጠርም ከላይ ታስሮ ይቀራል። የሚኤሶ ቆላ ገበሬ ማሳውን በጎርፍ የሚያጠጣው ውሃውን ብቻ ፈልጎ አይደለም፤ ውሃው የሚያመጣው አፈርም ማዳበሪያው ነው። እና ያ «የሞተ» ግድብ ቦዩን ማጠጣት ቢያቆምም ከወንዙ መውሰዱን አላቆመም።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር እንዳይደባለቅ እሰጋለሁ። በየዓመቱ በተፋሰስ ሥራ በቦረቦር ውስጥ የሚሠራው ክትር ሌላ ነው። ክትር የሚሠራው በደለል እንዲሞላ ነው፤ ሲሞላ ሥራውን ጨረሰ ማለት ነው። ዓመቱን ሙሉ በሚፈስ ወንዝ ላይ የተጋረጠውን የማይሠራ ጠለፋና የቦረቦር ክትርን አንድ አድርጎ «ይፍረስ» የሚል ሰው ቦረቦሩን ቀስቅሶ ማሳ ያስበላል።

ግማሽ ተረት፦ «ከፈረሰ ውሃው ይጠፋል።»

ጠለፋ ውሃ አይፈጥርም፤ ያለውን ከፍ አድርጎ ለቦዩ ያቀብላል። ቦዩ ዛሬም የሚሠራ ከሆነ ግድግዳውን መንካት ማሳውን ማስጠማት ነው፤ ይህ እውነት ነው። ቦዩ ደርቆ ሣር ካበቀለ ግን ግድግዳው ለማንም ውሃ አያቀብልም። ወንዝና ሐይቅ የሚያደርቀው ሌላ ነገር መሆኑን ሐረርጌ ራሱ አይቷል፦ ሐሮማያ ሐይቅ በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ ማብቂያ ላይ የደረቀው ግድብ ስለፈረሰ አልነበረም፤ ደለል ስለገባበትና ውሃው ለመስኖና ለከተማ ያለልክ ስለተሳበ ነው።

ግማሽ እውነት፦ «ከፈረሰ ዓሣው በማግስቱ ይመለሳል።»

የፈጠነበት ቦታ አለ። በአሜሪካ በክላማት ወንዝ ላይ የነበሩ አራት ግድቦች ተነስተው ሲያልቁ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 መጸው ሳልሞኖች በሳምንታት ውስጥ ከቀድሞዎቹ ግድቦች በላይ ታይተዋል። ለእኛ የሚቀርበው ግን በሜይን ግዛት ኬኔቤክ ወንዝ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1837 ጀምሮ የቆመው፣ 7 ሜትር ገደማ ከፍታ የነበረው የኤድዋርድስ ግድብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ፈርሶ በተከታዮቹ ዓመታት ከባሕር የሚወጡ ትንንሽ ዓሦች በሚሊዮኖች መጡ። መምጣት የቻሉት ከታች የሚመጡበት ስለነበራቸው ነው። የጨርጨር ጅረት ዓሣ በጋን የሚያሳልፈው በየጉድጓዱ በቀረችው ኩሬ ውስጥ ነው፤ ያቺ ኩሬ በሞተር ተስባ ካለቀች ግድቡ ቢፈርስም የሚወጣ ዓሣ አይኖርም።

የደለሉም ነገር አለ። በዚያው በአሜሪካ በኤልዋ ወንዝ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2014 ሁለት ግድቦች ሲነሱ ከኋላቸው 20 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ደለል ነበረ፤ ለዚያ ነው ደረጃ በደረጃ ዝቅ የተደረጉት። በእኛ ዳገት ላይ አደጋው ወደ ላይም ይሄዳል። ግድግዳው በአንድ ቀን ከተናደ ውሃው ወለሉን እየቆረጠ ሽቅብ ይወጣል፤ የገበሬውን ዳርቻ፣ አንዳንዴም የድልድዩን እግር ይነካል። ስለዚህ የሚፈርሰው በበጋ፣ በጥቂት በጥቂቱ፣ ባለሙያ ለክቶት፣ የውሃ ተጠቃሚዎቹም ተስማምተውበት መሆን አለበት።

የሚሠራ ጠለፋ ባለበት ቦታም ቢሆን የሚደረግ ነገር አይጠፋም። ብዙዎቹ ጠለፋዎች የደለል ማስወጫ በር አላቸው። ችግሩ መዘወሪያው ሲዝግ ወይም ሲጠፋ በሩ እንደተዘጋ መቅረቱ ነው። ግራሶ ተቀብቶ ከሐምሌ እስከ መስከረም ክፍት ቢውል ደለሉም ይወርዳል፣ ዓሣውም የውሃው ግፊት በሚቀንስበት ሰዓት ማለፊያ ያገኛል። በግድግዳው አንድ ጎን ደግሞ ከታች እስከ አናቱ ትልልቅ ድንጋይ ዘንበል አድርጎ መደልደል ይቻላል፤ ለ1 ሜትር ከፍታ 20 ሜትር ያህል ርዝመት ተሰጥቶት፣ ድንጋዩ ሳይለሰን፣ ውሃው በመካከሉ እየተሽሎከሎከ። ለጋራ ይህ ይበቃዋል፤ የሚጨብጠው እርጥብ ሻካራ ድንጋይ ካገኘ ይወጣል።